ቀለም አቀባይ

«እህቴማ ቀለም ነው የምታቀብለኝ» አለ ማቲ በስልክ። «ዲዛይኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዘውዴ። እሷ ገና ልጅ ናት፤ ቤት ከምትውል ትርዳኝ ብዬ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስለ አንድ ሰው የሚወራውን አገር ሁሉ ሰምቶት ሰውየው ብቻ ሳይሰማ ይቀራል ለማለት ነው። ይህን ያለ ሰው ግን እነዮዲት ቤት አላደረም። በእሷ መኝታና በወንድሟ የእንጨት ሥራ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው፤ አባታቸው በሕይወት ሳሉ «ለጊዜው» ብለው የመቱት፣ እሳቸው አልፈው እሱ አሥራ አንድ ዓመት ለጊዜው የቆመ ችፑድ። በዚያ በኩል መጋዝ ሲጮህ በዚህ በኩል ትራስ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ በኩል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲዋሽ በዚህ በኩል ቃል በቃል ይሰማል። ዮዲት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአንድ እግር ጫማዋን አስራ፣ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ከአልጋው ሥር አርባ ሦስት ወረቀት አለ፤ የጋሽ ዘውዴ ፔንሲዮን ክፍሎች ከላይ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ መብራታቸው ሲበራና ሲጠፋ። ሁሉንም በእርሳስ የሳለችው እሷ ናት። ማቲ እርሳስ የሚይዘው እንጨት ላይ ምልክት ሊያደርግና ጆሮው ላይ ሊሰካው ነው።

ተነስታ ችፑዱን በቡጢ ብትመታው ደስ ባላት። አልመታችውም። ሀዋሳ ሁለት ዓመት ኢንቴሪየር ዲዛይን ከፍሎ ያስተማራት ይኸው ወንድሟ ነው፤ የሰፈር ሰው «ቤት ማሳመር ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ» እያለ ሲያላግጥ «አለው እንጂ» ብሎ የተከራከረላትም እሱ ነው። በዚያ ላይ ሰኞ ሩቅ አይደለም። አጎቷ ጎሳዬ የሥራ ማስታወቂያ አይቶ ወረቀቷን ወስዶ አስመዝግቧት፣ እሷም ፈተናውን አልፋ፣ ካንጋተን በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተመድባለች፤ ደብዳቤው ከነማኅተሙ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የጋሽ ዘውዴ ሥራ ከተገኘ አሥራ ስምንት ክፍል ነው፤ የአንድ ዓመት እንጀራና ጂንካ ላይ ስም። ካልተገኘ ሰኞ ጠዋት የካንጋተን መኪና ላይ ናት፤ በዚያ ሙቀት ፋይል ስትደረድር ልትኖር። እናቷ ከወዲሁ አጎበርና የውሃ ጀሪካን ገዝታ ከበሩ ጀርባ አስቀምጣለች። ስለ አጎበሩ ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም ግን ሲያልፍ በእግሩ ይነካዋል።

ሻይ ሲጠጡ ማቲ ዓይኗን ሳያይ ጋሽ ዘውዴ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ናሙናውን ክፍል ሊያዩ እንደሚመጡ ተናገረ። ከወደዱት እዚያው ይዋዋላሉ። ማን ያስረዳቸዋል ብላ ጠየቀችው። ማቲ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሮ ቆየ፤ ዳቦው ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ሰመጠ። ሰውየው የድሮ ሰው ናቸው፣ ከሴት ልጅ ጋር ሥራ መነጋገር አይሆንላቸውም፣ እኔ ባስረዳ ይሻላል አለ። እናታቸው አንዱንም ሌላውንም አየች፤ ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ከዮዲት አጠገብ አንስታ ማቲ አጠገብ አኖረችው። በዚህ ቤት ፍርድ የሚሰጠው እንደዚህ ነው። ዮዲት ሻይዋን ጨርሳ ስትነሳ ቆርጣለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌው ፊት ቆማ «የሳልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።

ፔንሲዮኑ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ማዶ የቆመ፣ ደረጃው ገና መደገፊያ ያልገባለት፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ናሙና የሆነው ምድር ቤት ያለው ሦስት ቁጥር ነው። ዮዲት ቁልፉን ባዞረች ቁጥር ልቧ ይመታል፤ ልጁ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር የሚያይ ሰው የልብ አመታት ነው። ኮርኒሱ ቀርከሃ ነው። አምፖሉ የተሰቀለው ወገቡ በተበሳሳ ቅል ውስጥ ነው፤ ሲበራ ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። የአልጋውን ራስጌ ማቲ ከዋንዛ ሠርቶታል፤ ምላሱን ተዉትና እጁ ውሸት አያውቅም፣ እንጨቱ ሲዳብሱት አንድ ስንጥር የለውም። የክፍሉ ነፍስ ግን ግድግዳው ነው። ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ አመድና ከሰል በጣት ተቀብተው፣ ከራስጌው ተነስተው እየተጠማዘዙ በሩን ዞረው ይመለሳሉ።

ይህን መልክ ያየችው ጥቅምት ላይ ነው። ከጂንካ ወጣ ብላ ገዘር ለጓደኛዋ ሠርግ ሄዳ እግሯን ልታሳርፍ እማማ አስካል የሚባሉ የአሪ ሴት ቤት ገባች። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ሴትየዋ ግን ከመሬት እስከ ትከሻቸው ድረስ በጣታቸው አስጊጠውታል። ጎደሬ ቀቅለው አበሏት። ግድግዳውን በስልኬ ላንሳው ስትላቸው ሳቁ፤ በዚህ አገር ፎቶ ዋጋ እንዳለው ሕፃንም ያውቃል፣ ፈረንጅ ብትሆን ያስከፍሏት ነበር። አንቺ የኛ ሰው ነሽ ብለው በነፃ እንድታነሳ ፈቀዱላት። ዮዲት አሥራ አራት ፎቶ አነሳች። ጂንካ ተመልሳ እያንዳንዱን መስመር ገለበጠችው፤ ከበሩ በስተግራ ሁለት መዳፍ የምታህል፣ ምንም ያልተቀባች ቦታ እንኳን ሳትቀር። የሀዋሳው አስተማሪዋ «ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ካልተውሽ ጌጡ ጫጫታ ይሆንብሻል» ይሏት ነበር። ገዘር ያሉ ሴት ይህን ማን ነገራቸው ብላ ተደንቃ፣ ደብተሯ ላይ ከቦታዋ አጠገብ «የዓይን ማረፊያ» ብላ ጻፈች።

ያን ጠዋት ከሻይ በኋላ በሩን ስትከፍት ማታ ያነጠፈችው ነጭ አንሶላ ቀልቷል። ወለሉም ቀልቷል። ጠጋ ብላ ግድግዳውን በአንድ ጣቷ ነካችው፤ የጣቷ ጫፍ ቀይ ሆነ፣ የነካችው ቦታ ደግሞ እንደ ቅርፊት ተላቆ እግሯ ሥር ወረደ። ለሦስት ሳምንት ተንበርክካ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ የቀባችው ግድግዳ እየረገፈ ነው። በእጇ ልትደግፈው ዳዳት፤ ብትደግፈው የበለጠ እንደሚወርድ አውቃ እጇን ሰበሰበች።

ማቲ ራስጌውን ሊወለውል ከኋላዋ ገብቶ ኖሯል። የረገፈውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። ከዚያ መቼም ብዬሻለሁ አለ፤ ጠርገን ነጭ እንቀባው፣ ከጣሪያው ጥግ ጂፕሰም እናዙርበት፣ ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው አለ። ዮዲት የስልኩ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ግን የረገፈ ግድግዳ ፊት ቆሞ «ይኼ የኔ ሥራ ነው» ማለት አፍ አይሞላም። ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ያስታወሰችው ያኔ ነው፤ ቅዳሜ የገዘር ሰው ጂንካ ገበያ ይወርዳል። የቀላውን አንሶላ ገፍፋ፣ ወለሉን ጠርጋ፣ የሚያውቅ ሰው አመጣለሁ፣ ጊዜ ስጠኝ አለችው።

«እስከ ስምንት ሰዓት» አለ ማቲ። «ከዚያ ሮለር ይዤ ነው የምገባው።»

ገበያው ሞልቶ ባጃጆቹ በሰው መሃል በጥሩምባ እየለመኑ ያልፋሉ። ዮዲት ቃሪያ ተራን አልፋ፣ ቡና ተራን አልፋ፣ የስልክ ቻርጀርና የፕላስቲክ ጫማ በተዘረጋበት በኩል ወረደች። ሰው አትጠይቅም፤ ፊት ብቻ ታያለች። አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት አስቁማ ስለ ካንጋተኑ ሥራ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው፣ የቤት ቀለምማ ማንም ይቀባዋል ብላም መከረቻት። ዮዲት አሜን ብላ አለፈች። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። እማማ አስካልን ያገኘቻቸው ጎደሬ ተራ ጫፍ ላይ ነው፤ ጆንያ አንጥፈው ጎደሬያቸውን በመደብ በመደብ ከምረው፣ ስልሳ ብሩን ሃምሳ በይው እያለች የምትጨቃጨቃቸውን ሴት ቀና ብለው ሳያዩ «የሃምሳው እዛ ጋ አለ፣ ሂጂ» ይላሉ። ዮዲትን ሲያዩ ግን አወቋት፤ የሠርጉ ልጅ ብለው ሳቁላት። ያ ሳቅ ከክፉ ቃል ይልቅ ከበዳት።

እውነቱን ሁሉ አልነገረቻቸውም። አንድ ግድግዳ በአፈር ቀለም ቀብቼ ረገፈብኝ፣ እርስዎ ያውቁታልና መጥተው ይዩልኝ፣ በባጃጅ አመላልስዎታለሁ አለች። የማን ቤት ነው አሉ። የሥራ ቦታዬ ነው አለች። ምን ዓይነት ነው የቀባሽው ሲሏት ዓይኗን ጎደሬው ላይ ጥላ «እንደ እናንተ ዓይነት» አለች። እማማ አስካል ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ለጎረቤታቸው በአሪኛ አንድ ነገር ተናግረው፣ ከስልሳ እንዳትወርድ በጣታቸው አስጠንቅቀው ተነሱ። ባጃጁ ውስጥ ሴትየዋ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ዘንድሮ የሚፈጥን ይመስላል ይላሉ። ዮዲት መንገዱን ሁሉ ቃል ስታዘጋጅ ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ፣ ሜዳው ጋ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ እያለች ባጃጁ ፔንሲዮኑ በር ላይ ቆመ።

እማማ አስካል ክፍሉ መሃል ቆመው ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ቅሉን አዩ፣ ቀርከሃውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን አዩ። ከራስጌው ጀምረው ጣታቸውን ሳያስነኩ በአየር ላይ መስመሩን ተከተሉት፤ የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚሰፋ ጣታቸው ቀድሞ ያውቃል። ውጭ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ሠራተኞች ይሳሳቃሉ። ዮዲት እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ በሩ ጋ ቆማ እየጠበቀች ነው።

«ይሄ የኔ ቤት ነው» አሉ እማማ አስካል።

«ፎቶውን እያየሁ ነው የቀባሁት እናቴ። በጣም ወድጄው ነው።»

«ለኔ ነገርሽ?»

«አልነገርኩም።»

ሴትየዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻላት። እየተራመዱ በሩ ጋ ደረሱና ያልተቀባችዋ ቦታ ፊት ቆሙ። ይሄንን ለምን ተውሽው ብለው ጠየቋት። ዮዲት አስረዳች፤ ዓይን ማረፊያ እንደሚፈልግ፣ አስተማሪዋ ምን እንዳሉ፣ ጌጥ ካልተነፈሰ ጫጫታ እንደሚሆን። ሀዋሳ ክፍል ውስጥ ትልቅ የነበረው ነገር እየተናገረችው አነሰባት። እማማ አስካል እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ በአጭር በአጭሩ ነገሯት። ትጊ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ አሥር ዓመቷ ነበር። እናትየዋ ግድግዳውን ሲቀቡ ያቺ ቦታ የትጊ ነበረች፤ በራሷ ጣት የምትቀባት፣ ማንም የማይነካባት። አንድ ዓመት ቀለሙ ተበጥብጦ፣ እናት ከዚህ ልጅ ከዚያ ሊጀምሩ ሲሉ ልጅቷን ወባ ጣላት፤ በአራተኛው ቀን ቀበሯት። የልጅቷ ቀለም ሳህኑ ላይ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን በየዓመቱ ያድሱታል፤ እዚያች ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን ያነሳሉ።

«እኔ ለሷ ተውኩት» አሉ። «አንቺ ለማን ተውሽ?»

ዮዲት አፈረች። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት ኮሪደሩ ላይ የማቲ ድምፅ ተሰማ፤ ከእሱም ጋር የከዘራ ኮቴ። ገና ሰባት ተኩል ነው። አቶ ዘውዴ ከሰዓት ቀብር ስለገጠማቸው ሰዓቱን አስቀድመውት ነው የመጡት፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰዋል። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ጂንካ ሱቅ ከከፈቱ ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውም ማንኛውንም ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። ማቲ ሮለሩን ከኋላው ደብቆ ዮዲትን በዓይኑ ጠየቃት፤ ተስተካከለ ወይ ማለቱ ነው። ራሷን ነቀነቀች፤ አልተስተካከለም። እማማ አስካል ወደ ጥጉ ፈቀቅ አሉ። አቶ ዘውዴ ወለል የምትጠርግ ሠራተኛ መስለዋቸው አላዩዋቸውም።

ቅሉን በከዘራቸው ነካ አድርገው ሳቁ። ራስጌውን ዳበሱት፣ ጀርባውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ በርታ አሉ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ግን ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ማቲ ማስረዳት ጀመረ። ሲናገር ዮዲት ቃሎቹን አንድ በአንድ አወቀቻቸው፤ ከደብተሯ የተወሰዱ ናቸው። ባህላችንን ከዘመናዊው ጋር ማዋሃድ ነው ሐሳቤ አለ። አቶ ዘውዴ ከዘራቸውን ወደ በሩ ግራ ዘርግተው ያቺስ ረስታችኋት ነው ወይ አሉ።

«አልተረሳችም ጋሼ» አለ ማቲ። «የዓይን ማረፊያ ናት።»

ዮዲት ወደ ጥጉ ላለማየት አንገቷን አደነደነች። አቶ ዘውዴ «የዓይን ማረፊያ» የሚለውን ደጋግመው አጣጣሙት፤ ወደዱት። እንግዳ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ አሥራ ስምንቱም ክፍል ላይ ትኑርልኝ አሉ። ሥራው ተገኘ ማለት ነው። አሁን ዝም ካለች አሥራ ስምንት ክፍል አለ፤ በወንድሟ ስም ይሁን እንጂ አለ፤ አጎበሩም ከበሩ ጀርባ ይነሳል። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው፣ እስቲ አረፍ ልበልበት ብለው ግድግዳው ሥር ካለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ደገፍ አደረጉ። ሲነሱ የቀብር ኮታቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ቀይ ሆኗል። ከግድግዳው ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል ቅርፊት ተከትሏቸው ወረደ።

ማንም አልሳቀም። አቶ ዘውዴ ኮታቸውን አውልቀው ጀርባውን አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ ማቲን አዩ። ማን ነው ይህን የሠራው ብለው ጠየቁ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እሷ ናት» አለ ማቲ። ጣቱ ሳይቀር ወደ እህቱ ተዘርግቷል።

«ጠዋት ስልክ ላይ የኔ ነው አላልከኝም?»

«ሐሳቡ ነው እንጂ ጋሼ። የቀባችው እሷ ናት።»

እንግዲህ ዮዲት ጠዋት ከሻይ ስትነሳ የተመኘችው ይኸው ነበር፤ ሥራው የእሷ መሆኑ በሰው ፊት እንዲነገር። ተነገረላት። ወንድሟ ስሟን የሰጣት ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነው። ሽማግሌው ወደ እሷ ዞረው «የአንቺ ነው?» አሏት። ጥጉ ላይ እማማ አስካል ሻሻቸውን መልሰው አስረው፣ እጃቸውን አጣምረው ያዩዋታል። «የሳልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቶ አፏ ውስጥ ነበር። አሁን ስትፈልገው አጣችው።

«መልኩ የእሳቸው ነው» አለች ወደ ጥጉ እያመለከተች። «ከእማማ አስካል ቤት ሳላስፈቅድ የገለበጥኩት ነው። መርገፉ ግን የኔ ነው።»

አቶ ዘውዴ ሴትየዋን ያን ጊዜ ገና አዩዋቸው። ነጋዴ ናቸውና ቁጣቸውን ለጊዜው አስቀምጠው፣ አንቺ ብትሠሪው አይረግፍም ወይ ብለው ጠየቁ። የእማማ አስካል አማርኛ እርስዎ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሁሉም እኩል ነው።

«ቤትህ ሲሚንቶ ነው» አሏቸው። «ሲሚንቶ አይጠጣም። ጭቃ ይጠጣል። መጀመሪያ በጭቃና በእበት መለሰን አለበት።»

ሽማግሌው ሳቅ እንደመቃጣት አላቸውና ተዉት። እኔ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል አሉ፤ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ደርቤ ስወጣ ኖሬ፣ አሁን በገዛ ብሬ በእበት ልለስን? ከዚያ ለማቲ ራስጌዎቹን ሥራልኝ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀባልኝ፣ አሥራ ስምንቱንም አሉት። ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ያለ ኮት ወደ ቀብራቸው ሄዱ። ዮዲትን አልሰደቧትም፤ ስሟንም አልጠየቋትም።

ማቲ ሮለሩን ግድግዳው ሥር አስደግፎ ቆመ። ዝም ብትይ ኖሮ ሁለታችንም እንበላ ነበር አላት። ሰኞ ሂጂ በቃ፣ እዚያ ቢያንስ የሚረግፍ ነገር የለም አለ። መልስ ሳይጠብቅ ነጭ ቀለም ሊገዛ ወጣ። ዮዲት ስለ ስልኩ አሁንም አልተናገረችም። ባልዲ ውሃና ስፖንጅ አምጥታ ማጠብ ጀመረች፤ አቧራ ላይ ነጭ ቀለም አይዝም፣ ይህን እንኳን ታውቃለች። ቀዩ ውሃ በክንዷ እየወረደ ክርኗ ላይ ይንጠባጠባል። ባጃጅ ልጥራልዎት ስትላቸው እማማ አስካል በእጃቸው ተይው አሏት። ዱካው ላይ ተቀምጠው ያ ሁሉ መስመር ሲጠፋ አዩ። ታጥቦ ሲያልቅ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነ፤ ዮዲት ባዶዋ ቦታ የት እንደነበረች ፈልጋ አጣቻት። ሴትየዋ ግን ተነስተው ሄዱና ሳይፈልጉ መዳፋቸውን እዚያው ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆይተው አነሱት።

«ስልክሽ ላይ ያለውን አጥፊው» አሉ።

ዮዲት እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። አሥራ አራቱንም ፊታቸው ላይ እያሳየች አጠፋች። የመጨረሻው ሲጠፋ እንባዋ መጣ፤ ስለ ሥራው ይሁን ስለ ልጅቷ ለራሷም አልለየላትም። አርባ ሦስት ወረቀት ሙሉ ሥዕል ሠርታለች፤ ጭቃ እንዴት እንደሚመታ ግን አታውቅም። የእማማ አስካልን ግድግዳ ለማየት ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀባት፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አንድ ጊዜም አልጠየቀችም። ይህን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እማማ አስካል ማጽናናት አልሞከሩም፤ ጎደሬያቸውን እያሰቡ ነው፤ ጎረቤታቸው በሃምሳ ሸጣው እንደሚሆን እርግጠኛ ናቸው። ባጃጁ ውስጥ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ግን ወደ ሰማዩ ቀና ብለው አዩ።

«ዝናብ ሳይመጣ ሰኞ ቤቴን ማደስ እጀምራለሁ» አሏት። «ጭቃ የሚረግጥ ሰው የለኝም። ከመጣሽ ስልኩን እቤትሽ አስቀምጪ።»

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱም ትሪው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ማቲ ጣቶቹ መሃል ነጭ ቀለም ቀርቶበታል፤ የዮዲት ጥፍሮች ሥር ደግሞ ቀዩ አልወጣም። አቶ ዘውዴ ቀብድ እንደሰጡት ለእናቱ ነግሯታል፤ ሌላውን አልነገራትም። እናቱም አልጠየቀችም፤ የልጆቿን እጅ አይታ የምታውቀውን አውቃለች። ጸሎት አድርገው መብላት ጀመሩ። እናቷ ወጥ ጨመረችላቸውና፣ አጎበሩን አጣጥፋ ከሻንጣው ጋር እንዳሰረችው ተናግራ፣ የካንጋተኑ መኪና ሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀች።

«ካንጋተን አልሄድም እማዬ» አለች ዮዲት። «ሰኞ ገዘር ነኝ። የገዘር መኪና ደግሞ ሰዓት የለውም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው።»

እናቷ የወጡን ጭልፋ እንደያዘች ቀረች። የመንግሥት ሥራ ትተሽ፣ ደብዳቤ ወጥቶልሽ፣ አጎትሽን ምን ልንለው ነው የሚለው ሁሉ ፊቷ ላይ አለፈ። መጨረሻ ላይ ከአፏ የወጣው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው።

«ገዘር ምን ልትሠሪ?»

«ጭቃ ልረግጥ» አለች ዮዲት። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ትሪው አጠገብ አስቀመጠችና ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «ቀለም ላቀብል።»

የማቲ እጅ አፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። ዞሮ ከእናቱ ትከሻ በላይ፣ በክፍት በር የሚታየውን የእህቱን መኝታ ችፑድ አየው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሲኖር ያን ጊዜ ገና ያየው ይመስል ብዙ አየው። ከዚያ ያልጎረሰውን ጉርሻ ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መልሶ አኖረው።